አፏን የዘጋችው ቆሮሶ

ባለፈው ወር በዚህ ዐምድ ስለ ጓሮ አትክልት አጠባበቅ ጥቂት ቃል አቅርበን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከጓሮ ወደ ቤት ውስጥ እንገባለን። ጉዳያችን ዓሣ ነው፤ ነገር ግን ለገበታ ስለሚቀርበው ዓሣ አይደለም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ጥያቄ አንባቢ ለንስሐ አባቱ ያቅርብ። እኛ የምንናገረው በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለሚኖሩና ስለሚዋለዱ ሁለት ቆሮሶዎች ነው። ይህንም የምንጽፈው አዋቂዎች ስለ ሆንን ሳይሆን ስተን ስለ ተማርን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። በፀዳ ስናስተምር ብዙ ዓመት ሆኖናል። አንድ ቀን ስለ እንስሳት አስተዳደግ ስናስተምር፣ ወፍ ጫጩቷን ትመግባለች፣ ላም ጥጃዋን ታጠባለች፣ ዓሣ ግን ዕንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል፣ ልጁንም አያውቅም ብለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ከደንቢያ ወገን የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፤ ቆሮሶ ግን ልጆቿን በአፏ ትይዛለች» አለ። እኛም ሳናስብ «በአፏ የያዘቻቸውማ ልትበላቸው ነው» ብለን መለስን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ አፍሮ ተቀመጠ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ካልተጠራ በቀር በክፍል ውስጥ አፉን አልከፈተም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ነገሩ አላስተኛንም። ዓይቶ መፍረድ ይሻላል ብለን አሰብን፤ ታናሺቱ ልጃችንም ዓሣ በቤት እንዲኖር ከለመነችን ቆይታ ነበር። ስለዚህ ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ወደ ጎርጎራ ወረድን፤ ከአንድ ባለ ፈቃድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቆሮሶ ገዛን። ሁለቱም ከስንዝር ያነሱ ነበሩ። ክዳኑ በተበሳ በርሜል፣ እኩሌታው ውኃ እኩሌታው አየር ሆኖ፣ ፀሐይ ከበረደ በኋላ ይዘናቸው ተመለስን።

ስለ ዓሣው ማንነት ጥቂት እንበል። ቆሮሶ የምንለው በሌላው ዓለም የዓባይ ቲላፒያ የሚባለው ነው። ወገኑም ሲክሊድ ከሚባለው ታላቅ የዓሣ ነገድ ነው። ይህ ነገድ በአፍሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ፣ እንዲሁም በደቡብ ሕንድ የሚገኝ ሲሆን ከ1,700 የሚበልጡ ዓይነቶች እንዳሉት ሊቃውንት ጽፈዋል። በማላዊና በታንጋኒካ ሐይቆች ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ዓይነቶች ይኖራሉ። በጣና ግን የዚህ ነገድ አገር በቀል ተወላጅ ቆሮሶ ብቻ ነው። በጣና እጅግ የበዙት ነጭ ዓሣ የሚባሉት ናቸው፤ የእነርሱም ዓይነት ከ15 አያንስም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ወደ መገጭ፣ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ወጥተው ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። እንግዲህ በሰሌዳ ላይ የጻፍነው ለነጭ ዓሣ ትክክል ነበር፤ ስሕተታችን አንዱን ያየ ሁሉን አየ ማለታችን ነው።

አሁን ወደ ገንዳው እንምጣ። ቆሮሶ የሚያድግ ዓሣ ስለ ሆነ ትንሽ ብርጭቆ አይበቃውም። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 250 ሊትር ይይዛል። ይህም ውኃው ብቻ ሁለት ኩንታል ተኩል ይመዝናል ማለት ነውና ገንዳው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የብረት ቢሆን፣ ወለሉም የተስተካከለ ቢሆን ይመረጣል። ከታች የታጠበ የወንዝ አሸዋ አራት ጣት ያህል ይደረግ። ወንዱ በአሸዋው ውስጥ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራልና አሸዋ ከሌለ ሥራ ፈት ይሆናል።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ስለዚህ ውኃው ክፍት ሆኖ አንድ ቀንና ሌሊት ካደረ በኋላ ይጨመር። ዓሣው ወዲያውኑ አይግባ። የዓሣ እዳሪና የምግብ ትርፍ በውኃ ውስጥ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል፤ በስፖንጁና በአሸዋው ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ከዚያም በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን ቀድቶ በአደረ ውኃ መተካት ያስፈልጋል። የጠላን ጋን ያላጠነ ጠላ እንዲበላሽበት፣ ገንዳውንም ሳያዘጋጅ ዓሣ የሚያስገባ እንዲሁ ነው።

ሙቀትም ሊታሰብበት ይገባል። የጣና ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ያለንበት ከዚያ ከፍ ይላል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም ይበርዳል። ቆሮሶ እንዲራባ ውኃው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ከ16 ገደማ በታች ሲወርድ መብላት ይተዋል፤ ወደ 10 ሲቃረብም ይሞታል። ስለዚህ የውኃ ማሞቂያና ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ደግሞም በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ የአየር መንፊያ ሳይኖር ብዙ ዓሣ ማኖር ግፍ ነው። ለምግብ የተዘጋጀ የዓሣ መኖ ከተገኘ ደኅና፤ ካልተገኘ የተፈጨ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ፣ የተቀቀለ ቆስጣም ይበላሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው ከሚበሉት በላይ ግን አይሰጥ።

እዚህ ላይ ጥንድ ስለሚለው ቃል አንድ ነገር እናስታውስ። ከሲክሊድ ነገድ ወንዱና ሴቲቱ በእውነት እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ አሉ። ወደ ዝዋይ ሐይቅ የገባው ሆደ ቀይ ቲላፒያ ዕንቁላሉን በመሬት ላይ አድርጎ አባትም እናትም ተባብረው ይጠብቁታል። ቆሮሶ ግን እንዲህ አይደለም። ወንዱ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቲቱን ይጠራል፤ ከተዋለዱ በኋላ ግን የልጅ አስተዳደግ ከእርሱ ዘንድ የለም። በጠባብ ገንዳ ውስጥ ደግሞ ሴቲቱን እያሳደደ ይነክሳታል፤ ይገድላትም ይሆናል። ስለዚህ የተሰበረ እንስራ ገል ለመሸሸጊያ ይደረግላት፤ ገንዳውንም ለሁለት የሚከፍል ውኃ የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ወንፊት ይዘጋጅ። ወንዱ በሆዱ በኩል ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቲቱ ሦስት ስላላት በዚህ ይለያሉ።

በአራተኛው ወር ወንዱ በአሸዋው መካከል እንደ ወጭት የጎደጎደ ጉድጓድ ቆፈረ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሴቲቱ በገሉ ሥር ተሸሽጋ አገኘናት። አገጯ አብጧል፤ አፏን ጥርቅም አድርጋ ዘግታለች፤ ጉንጯን ብቻ እንደሚያላምጥ ሰው ታንቀሳቅሳለች። ምግብ ጣልንላት፤ አልበላችም። በማግሥቱም አልበላችም። በአራተኛው ቀን ታማለች ብለን ፈረድን። ልጃችን «አባዬ፤ ተዋት፤ መነካት አትፈልግም» አለችን። እኛ ግን ያንድ መምህር ዕውቀት ከሕፃን ቃል ይበልጣል ብለን፣ በመረብ አውጥተን ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ልናኖራት ተነሣን።

መረቡ ውስጥ ስትፈራገጥ አፏ ተከፈተ። እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ ብጫ ዕንቁላሎች ፈሰሱ። አንዳንዶቹ ጭራ መሳይ ነገር አውጥተው ይርገበገቡ ነበር። ወደ ገንዳው ብንመልሳትም መልሳ አልለቀመቻቸውም፤ ወንዱ በላቸው። ልጃችን አላለቀሰችም፤ ምንም አላለችም። መብራቱን አጥፍታ ሄደች። ከቁጣም ከልቅሶም ይልቅ ያ ዝምታ ወቀሰን።

በዚያች ሌሊት የደንቢያው ልጅ ትዝ አለን። ተነግሮን ነበር፤ ግን አልሰማንም። በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርተን፣ የሆነውን ሁሉ ሳንሸሽግ ነገርነውና «እስቲ የምታውቀውን አስተምረን» አልነው። ልጁ መጀመሪያ መሬት መሬት አየ። ቆይቶም እንዲህ አለ። «አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። አፏ የሞላ ቆሮሶ ሲይዝ ወደ ውኃው ይመልሳታል። እስክትተፋቸው ድረስ እህል አትቀምስም ይላል። ወንዱን ያውጡት እንጂ እሷን አይንኳት።»

እንደ እውነቱም ከሆነ ነገሩ እንዲሁ ነው። ሴቲቱ ዕንቁላሎቿን በጎጆው ውስጥ በየጥቂቱ ትጥላለች፤ ወንዱ ዘሩን ያፈስባቸዋል፤ እርሷም ወዲያው በአፏ ትለቅማቸዋለች። ከ3 እስከ 5 ባለው ቀን ይፈለፈላሉ። ከዚያም በሆዳቸው ያለውን የዕንቁላል አስኳል እስኪጨርሱ ድረስ በዚያው በአፏ ይቆያሉ። ጠቅላላው ጊዜ እንደ ውኃው ሙቀት ከ10 እስከ 14 ቀን ይሆናል። ጉንጯን የምታንቀሳቅሰው ዕንቁላሎቹን እያገላበጠች ንጹሕ ውኃ እንዲያገኛቸው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለራሷ የምትመገበው የለም።

የጥንት ግብፃውያን ይህን ዓሣ በዓባይ ውስጥ ዓይተው ስለ ዳግም ልደት ምልክት አድርገውት ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ዓመት ገደማ በተሣለው በነባሙን መቃብር ሥዕል ላይ በአትክልት ቦታ ኩሬ ውስጥ ሲዋኝ ይታያል። በገሊላ ባሕርም የዚሁ ነገድ ወገን የሆነ ዓሣ አለ፤ እርሱም ልጆቹን በአፉ የሚያሳድግ ነው። የአገሩ ሰዎች የቅዱስ ጴጥሮስ ዓሣ ይሉታል። ይህም ጴጥሮስ ከዓሣ አፍ እስታቴሩን ስላገኘበት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ስለተጻፈው ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ የመጣው በጾመ ነቢያት ነው። ሴቲቱ አፏን በዘጋች ዕለት ወንዱን ወደ ወንፊቱ ማዶ አሻገርነው፤ በገንዳው ፊት ለፊት ጨርቅ ጋረድን፤ መስተዋቱን የሚነካ እንዳይኖርም ለቤተ ሰቡ ሁሉ ተናገርን። ልጃችን ከመጋረጃው ጥግ እያየች «አባዬ፤ እርሷም ትጾማለች?» ብላ ጠየቀችን። የጾም ሕግ የተሰጠው ለሰው ነው ብለን ልንመልስ ስንል እርሷ ቀደመችና «የነነዌ እንስሳትም ጾመዋል ተብሎ ተምረናል» አለች። መልስ አጣን፤ ባለቤታችንም ከወጥ ቤት ሆና ሳቀችብን።

በ7ኛው ቀን ሌሊት መብራት ጠፋ። ማሞቂያውም የአየር መንፊያውም ቆመ። ውኃው 26 ዲግሪ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ 22 ወረደ። በገንዳው ዙሪያ ሁለት ጋቢ አለበስን፤ ሙቅ ውኃ የተሞሉ ክዳናቸው የጠበቀ ጠርሙሶችን በውኃው ላይ አንሳፈፍን። አየር እንዲገባም ከወንዱ በኩል በጣሳ እየቀዳን ከከፍታ መልሰን በዝግታ እናፈስስ ነበር። ስፖንጁ አየር አጥቶ ባክቴሪያዎቹ እንዳይሞቱ እርሱንም በዚሁ በሚፈስሰው ውኃ ሥር አደረግነው። ባለቤታችን እስከ እኩለ ሌሊት፣ እኛ እስከ ንጋት፣ በተራ ተቀመጥን። በመካከል ልባችን ሲፈራ ወደ ሌላ ዕቃ ብናዛውራት ይሻል ይሆን እያልን እጃችንን ወደ መረቡ ዘረጋን፤ ያቺ የፊተኛይቱ ቀን ትዝ ብላን መለስነው። ሊነጋጋ ሲል መብራት መጣ። በሻማ ዓይተናት የነበረች እናት በዚያው በገሉ ሥር፣ አፏን እንደ ዘጋች፣ ጉንጯን ታንቀሳቅስ ነበር።

በ13ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የደንቢያውን ልጅ ጠርተን ከልጃችን ጋር በመስተዋቱ ፊት ተቀመጥን። ሴቲቱ ከገሉ ሥር ወጣች፤ አፏንም ከፈተች። እንደ ጭስ ያለ ነገር ወጣ፤ ከዚያም ጭሱ ተበታትኖ እያንዳንዱ ዓሣ ሆነ። ስድሳ ያህል ቈጠርን፤ ርዝመታቸው ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ልጃችን ደስ ብሏት እጇን ብታወዛውዝ ጥላው በውኃው ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ እናቲቱ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች፤ ስድሳዎቹም እየተጋፉ ወደ አፏ ተመልሰው ገቡ፤ አፏም ተዘጋ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። የደንቢያው ልጅ በለሆሳስ «ይኸው» አለ።

ለጥቂት ቀን እንዲህ እየወጡና እየገቡ ከቆዩ በኋላ አይመለሱም። ያን ጊዜ እናቲቱን ወደ ሌላ ክፍል ለይቶ ማሳረፍና ቀስ በቀስ መመገብ ያስፈልጋል፤ ከስታለችና። ሳትጠነክር ከወንዱ ጋር አትገናኝ። ለትንንሾቹ እንደ ዱቄት የላመ መኖ፣ ወይም በጨርቅ የተጣራ የተቀቀለ ዕንቁላል አስኳል እጅግ በጥቂቱ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይሰጣል። በፀሐይ ቆሞ አረንጓዴ የሆነ ውኃም ለእነርሱ ምግብ አለው።

ሲበዙስ ምን ይደረጋል? ብዙ አንባብያን ይህን እንደሚጠይቁ እናውቃለን፤ ቆሮሶ ከተመቻት በየወሩ ተኩል ገደማ ትወልዳለችና። መልሱ ወንድና ሴት ለይቶ ማኖር፣ ትርፉንም ለሚያረባ ሰው ወይም ለትምህርት ቤት መስጠት ነው። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ግን አይጣል። ከጣና የመጣ እንኳ ቢሆን በቤት ያገኘውን በሽታ ይዞ ይመለሳል፤ ከገበያ የተገዛ የሌላ አገር ዓሣ ሲሆን ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ሰዎች ለጥቅም ብለው የናይል ፐርች የተባለውን ታላቅ ዓሣ ጨመሩበት፤ እርሱም ከጊዜ በኋላ በዓለም በሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ የሲክሊድ ዓይነቶችን አጠፋ። መልካም ያደረገ የመሰለው እጅ ማጥፋቱን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

እኛም በትንሿ ገንዳችን ያገኘነው ትምህርት ይኸው ነው። ልጅ አሳዳጊ የሆነ ሁሉ መመገብን፣ ማከምን፣ መምከርን ያውቃል፤ እነዚህም የሚገቡ ናቸው። ነገር ግን የተዘጋ አፍ ሁሉ የታመመ አይደለም፤ የሚጠብቀው ነገር ያለው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ውኃውን ንጹሕ፣ ሙቀቱን ልክ፣ አሳዳጁን ሩቅ አድርገን እጃችንን ብንሰበስብ በጊዜው ራሱ ይከፈታል።

ከልደት በዓል በኋላ ትምህርት ሲከፈት፣ ያን ቀን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍነውን ዐረፍተ ነገር መልሰን ጻፍነው፤ ከዚያም በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ሰረዝነው። ያስተማረንም ማን እንደ ሆነ በስሙ ተናገርን፤ በሳቅ ያሳፈርነውም እኛ እንደ ሆንን አልሸሸግንም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጥለን፣ «ሌላ ስለ ጣና ዓሣ የሚያውቅ አለ?» ብለን ጠየቅን። በስተኋላ ካለው ወንበር አንድ እጅ ተነሣ።